ሰማንያ ቀን ሳይሞላት

ቡሬ የደረስኩት ፍልሰታ በገባ በማግስቱ ነው። ከጋምቤላ ተነሥቼ በነቀምት በኩል ስመጣ መንገዱ ለጥቂት ቀናት ተከፍቶ ነበር፤ እኔ ካለፍኩ በኋላ ተዘጋ። ከቡሬ በባጃጅ ሄጄ አስፋልቱ ላይ ወረድኩና የቀረውን በእግሬ ገባሁ። ክረምቱ ጠንቷል፤ ጭቃው ጫማ ያስቀራል።

እኅቴ ሥርጉት ሴት ልጅ ወልዳለች። ከብዙ ዓመት ስለት በኋላ የመጣች የመጀመሪያ ልጇ ናት። እናቴ ንግሥቴ በስልክ «የእኅትህን ልጅ ሳታይ እንግሊዝ አገር እንዳትመለስ» ብላኝ ነበር። ከእንግሊዝ አገር ከመጣሁ ዓመት አልፎኛል፣ ያለሁት ጋምቤላ ነው ብላት አይገባትም። ለእሷ እኔ ያለሁበት አገር ሁሉ እንግሊዝ ነው።

በርሚንግሃም ለትምህርት የሄድኩት ገና ጎረምሳ ሳለሁ ነው። በመጀመሪያው ክረምት ብርዱ ሲብስብኝ ከማደሪያዬ አጠገብ ወዳለ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን መግባት ጀመርኩ። በመጀመሪያ የወሰደኝ ማሞቂያውና ከጸሎት በኋላ የሚቀርበው ሻይ ነው፤ በኋላ መዝሙሩ ያዘኝ። ሰዎቹ ደግ ነበሩ። በሕፃንነትህ ተጠምቀህ የለም ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ አዎ አልኳቸው፤ እንግዲያው ሌላ ጥምቀት የለም አሉኝ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሥነ መለኮት ተማርኩ፣ ዲቁና ተቀበልኩ፣ ጋምቤላ ተላክሁ። እሑድ እሑድ ከማንጎ ዛፍ ሥር በአስተርጓሚ እሰብካለሁ። ኅዳር ላይ ቅስና ልቀበል ቀን ተቆርጦልኛል።

የማስተምረውን ማመኔን ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ይህንን ለጳጳሳችን ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «አገርህ ግባ፤ እናትህን እይ፤ እንቅልፍህን ተኛ» አሉኝ። «ግን እዚያ ማንንም አታስተምር፣ ማንንም አታጥምቅ። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ታላቅ እኅታችን ናት። በታላቅ እኅት ቤት ማጀት ገብቶ መፈተሽ ነውር ነው።» ቃል ገባሁላቸው። እምነቴ በሳሳበት ሰዓት ማንን አጠምቃለሁ ብዬ? ቀላል ቃል መስሎኝ ነበር።

መንደር እንደገባሁ አያ ዳኘው መንገድ ላይ አገኙኝ። በደጉ ጊዜ የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ ሹመቱ ከቀረ ቆየ እንጂ ሰውን መመርመር አልተዉም።

«አንተ ይሄይስ! እንዴት ከርመሃል? ምን ሆኖ መጣ ነው የሚሉህ?»

«ዲያቆን ሆኛለሁ፣ አያ።»

«ዲያቆን? በዚህ ሽበት? የኛ ዲያቆን እኮ ጢም ሳያበቅል ሚስት አግብቶ ይቀስሳል። ወይስ እንግሊዝ አገር ሴት አለቀ?»

አጠገባቸው የነበሩት ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። እናቴ ግን ይህንን ጉዳይ በሳቅ አታልፈውም። ማታውኑ እግሬን እያጠበች ትመረምረኝ ጀመር።

«ማርያምን ታነሣላችሁ?»

«እናነሣለን።»

«መስቀልስ?»

«አለን።»

«ትጾማላችሁ?»

«የፈለገ ይጾማል፣ እማ።»

እጇን ከውኃው አወጣች። «እንግዲያው የፈለገ ይጸድቃል በለኛ!» አለችና ፎጣውን ጣለችልኝ።

ሕፃኗን አደይ ይሏታል። ክርስትና ስላልተነሣች ገና የቤት ስም ነው። ወደ መስከረም ስለተጠጋች እንዲህ አሏት። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው የምትጠመቀው፤ አደይ ግማሹን እንኳ አላጋመሰችም። እጄን ስዘረጋላት ጣቴን ጨብጣ ታንቀላፋለች። አባቷ ወንዳወቅ ከማሳ ሲመለስ እጁን ሁለት ጊዜ ታጥቦ ነው የሚነካት።

በጾሙ መጨረሻ ግድም ትኩሳት ያዛት። ጡት አልይዝ አለች። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ መጥታ አየቻት፣ ያላትን ሽሮፕ ሰጠች፣ ደረቷን አዳመጠችና ወደ እኔ ዞረች። «ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል መድረስ አለባት» አለች። ወንዳወቅ አስፋልት ድረስ ሮጦ ሄደ። ባጃጅ የለም፣ ሚኒባስ የለም፤ ይኸኛውም መንገድ ተዘግቶ ጭር ብሏል። በሸክም እንውሰዳት ተባለ፤ ዝናቡ ግን ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ነበርና የጤና ኬላዋ ሠራተኛ «በዚህ ዝናብ ካወጣችኋት ከአስፋልቱ ሳትደርሱ ታልፋለች» አለችን።

ቄስ ክንፈሚካኤል የቤተሰባችን የነፍስ አባት ናቸው። እሳቸው ቢኖሩ ቀኗ ሳይሞላ ያጠምቋት ነበር፤ ለሞት ለተቃረበ ሕፃን ቀን አይጠበቅም። ግን የሚካኤል ካህናት በሙሉ የኪዳነ ምሕረትን ክብረ በዓል ሊያገለግሉ ወንዝ ተሻግረዋል፤ ወንዙ ሞልቷል። ወንዳወቅ ከዳር ቆሞ ተጣራ። ከማዶ ሰዎች እጃቸውን አወናጨፉለት፤ ከውኃው ድምፅ በላይ የሚሰማ ነገር አልነበረም። እስከ ወገቡ ገብቶ ወንዙ ሲጥለው ሰዎች ጎትተው አወጡት።

ሲመለስ ሥርጉት ወደ እኔ ነው የዞረችው።

«አንተ ዲያቆን አይደለህም?»

«የናንተ ዲያቆን አያጠምቅም፣ ሥርጉት።»

«የናንተስ?»

የሕፃኗን ግንባር ዳሰስኩ።

«የናንተስ ነው የምልህ?»

«ያጠምቃል።»

«እንግዲያው ምን ያስቆምሃል?»

ምን እንዳስቆመኝ ብነግራት አይገባትም። ለጳጳሱ የገባሁት ቃል አንድ ነው። ሌላው ከእሱ ይከፋል። ውኃ አልነካትም ብሎ እግዚአብሔር ሕፃን ይጥላል ብዬ አላስብም፤ ይህንን በርሚንግሃም አሳምሬ መናገር ተምሬያለሁ። ያንን አሳምሬ የተማርኩትን ነገር በእኅቴ ፊት ልናገረው አፌን ከፈትኩና አፈርኩ። ሥርጉት የጠየቀችኝ ስለ እግዚአብሔር አሳብ አይደለም። የጠየቀችኝ ስለ አንድ ቦታ ነው። ያልተጠመቀ ሕፃን ፍትሐት የለውም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከአጋሙ ቁጥቋጦ ሥር ነው የሚቀበረው። እናቴ ከእኔ በፊት የወለደችው ልጅ እዚያ አላት። ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም በዚያ በኩል ስታልፍ ነጠላዋን በፊቷ ላይ እንደምታወርድ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አያለሁ፤ ምክንያቱን ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

«ይሄይስ» አለች ሥርጉት። «ከአጋሙ ሥር አትጣልብኝ።»

እናቴ ከሣጥኗ ውስጥ በሃይላንድ የተቀመጠ የሚካኤል ጠበል አወጣች። ገበቴውን አጥባ አቀረበች።

ሕፃኗን ተቀበልኩ። ቀላል ናት፤ ትንፋሿ እንደ ድመት ግልገል ይፍጨረጨራል። መጽሐፌ ከሻንጣዬ ውስጥ ነው፤ አላስፈለገኝም፣ ቃሉን በቃሌ አውቀዋለሁ። ጠበሉን በእፍኜ ይዤ አፌን ስከፍት ቃሉ በእንግሊዝኛ ወጣ። ሥርጉት ከመኝታዋ ቀና አለች።

«በምን ቋንቋ ነው? በምሰማው በልልኝ እንጂ!»

ይህንን ቃል በአማርኛ ተናግሬው አላውቅም። እንግሊዝ አገር በእንግሊዝኛ፣ ጋምቤላ በአስተርጓሚ ነው። በአፍ መፍቻዬ ሲመጣ እንደ ሌላ ነገር ከበደኝ። መጽሐፋችን ከቃሉ በፊት የስም ክፍት ቦታ አለው። ክፍቱን ቦታ በማውቀው ሞላሁት።

«አደይ፣ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሻለሁ።»

ሦስት ጊዜ አፈሰስኩባት። በሦስተኛው ዓይኗን ገለጠች፣ አለቀሰች። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ አንድ ነገር ልትል ፈልጋ ተወችው። ጥቁር ክር ገምዳ ማተብ አሰረችላት።

ሊነጋጋ ሲል አደይ አረፈች።

ጠዋት ዝናቡ ቆመ። እናቴ ወደ ውጭ ጠራችኝና የነጠላዋን ጫፍ በአፏ ይዛ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች።

«ማን አልካት ብለው ይጠይቁሃል። ወለተ ኪዳን አልኳት በል።»

«አላልኳትም እኮ፣ እማ።»

«እሱንማ እኔም ሰምቻለሁ! የዓለም ስም ነው የጠራህባት። በዓለም ስም ይጠመቃል? ያለ ክርስትና ስም ማን ብለው ሊያሳርጉላት ነው?»

ያኔ ገባኝ። ለእንግሊዞቹ የተጠሩበት ስምና የተጠመቁበት ስም አንድ ነው። እኔ ራሴ ወልደ ሩፋኤል ነኝ። ያንን ስም የሚያውቁት እናቴና የነፍስ አባቴ ናቸው፣ እኔም ስቆርብ ብቻ ነበር የምሰማው። ያንን አውቃለሁ። ይህ አገር ያሳደገው ሰው የማይረሳውን ነገር ረስቼዋለሁ።

«ወለተ ኪዳን በል» አለች እናቴ ደግማ። «ከእኛ ከቤቱ ሰዎች በቀር የሰማ የለም። እኛ ደግሞ አንናገርም።»

ሚካኤል ስንደርስ ሰዎቹ ዶማና አካፋ ይዘው ከቅጥሩ በር ላይ ቆመው ነበር። የት እንደሚቆፍሩ አያውቁም። ወንዳወቅ ሕፃኗን በነጭ ነጠላ ጠቅልሎ በደረቱ ይዟታል። አያ ዳኘው ዱላቸውን ተደግፈው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጴንጤ ያጠመቃት ናት ይላሉ» አለ አንዱ ከኋላ።

«ጴንጤ አይደለም፣ እንግሊዝ ነው» አለ ሌላው።

«እንግሊዝማ ጴንጤ አይደለም እንዴ?»

«እኔ ምኑን አውቄ! አባታችን ይምጡና ይለዩት።»

ወንዙ ጎድሎ ኖሮ ቄስ ክንፈሚካኤል ከቅዳሴ መልስ ተሻግረው መጡ። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበዋል፣ ሙጃ እግራቸው ላይ ተጣብቋል። መስቀላቸውን ለሁሉም አሳለሙ። እኔ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ከዚያ እኔንም አሳለሙኝ። ልጅ ሆኜ ዳዊት ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው።

«ንገረኝ» አሉ። «ውኃው ምን ነበር?»

«የሚካኤል ጠበል።»

«ነከርሃት?»

«አፈሰስኩባት። ትንፋሿ ደክሞ ነበር፣ መንከሩን ፈራሁ።»

«በማን ስም?»

«በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ።»

«መልካም። ማን አልካት?»

እናቴ ከሴቶቹ መካከል ናት። ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። ቃሉ አፌ ላይ ነበር፣ ሁለት አጭር ቃል ነው። ብናገረው ዶማው ወዲያው ይነሣል፣ እኅቴ ታርፋለች፣ የሚጎዳ ሰው የለም። ግን ስለዚያች ሰዓት እርግጠኛ የሆንኩበት አንድ ነገር ቢኖር ያልኩት ቃል ብቻ ነው። ማመኔን አላውቅም፣ ሥልጣኔን አላውቅም። ቃሉን ግን ብያለሁ። እሱን ከዋሸሁ ለዚያች ልጅ የሰጠኋት ምንም ነገር የለም።

«አደይ አልኳት።»

«እሱን አይደለም። ክርስትና ስሟን።»

«ሌላ አላልኳትም፣ አባታችን። በእኛ… በእነሱ ሥርዓት የሚጠሩበት ስም ነው የሚጠመቁበት። ዘነጋሁት።»

ሰው ተንጫጫ። «አደይ የሚባል ጻድቅ አለ?» አለ አንዱ። እናቴ ፊቷን ሸፈነች። ቄስ ክንፈሚካኤል ግንባራቸውን በመስቀላቸው ጫፍ እያሻሹ ቆዩ።

«አባታችን» አለ ወንዳወቅ። «እጄ ደከመ።»

ከጠዋት ጀምሮ የተናገረው ይህንን ብቻ ነው። ያችን የምታህል ልጅ እጅ የምታደክም አልነበረችም።

አያ ዳኘው ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ይህንን ነገር ሳይመረምሩት ማለፍ አልቻሉም።

«ነገር በወግ በወጉ ነው» አሉ። «አንተ ይሄይስ! ቆመህ አድምጥ። ከደብሩ ሳይፈቀድልህ፣ የሰው ልጅ በሌላ ሥርዓት አጥምቀሃል። ስሟንም አጉድለሃል። ነገሩ ይኸው ነው። ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ?»

ልጅ ሆኜ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ይህንን ጥያቄ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በሬ የነዳ፣ ድንበር የገፋ ሁሉ ይህንኑ ይጠየቃል። በሌላ በኩል ደግሞ፣ ሌሎች ሰዎች በሌላ ቋንቋ፣ ዲቁና ሊሰጡኝ እጃቸውን ራሴ ላይ ሊጭኑ ሲሉ የጠየቁኝም ያው ነው። ኅዳር ላይ ዳግመኛ ይጠይቁኛል። ጳጳሳችን አገርህ ግባ ያሉኝ ለዚሁ መልስ ነው። አያ ዳኘው ፊት ቆሜ የትኛውን ጥያቄ እንደምመልስ ለየሁ ብል ውሸት ይሆናል። ሕፃኗ ውኃው ሲነካት ያለቀሰችው ልቅሶ ነው ጆሮዬ ላይ የነበረው።

«አምናለሁ» አልኩ።

ቄስ ክንፈሚካኤል ቀና አሉ።

«ምን አልክ?»

«አምናለሁ፣ አባታችን።»

ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ሰማችሁ? አመነ። ወንጌሉ ምን ይላል? ያመነ የተጠመቀም?»

«ይድናል!» አለች አንዲት አሮጊት ሳታስበው።

«ኧረ አባታችን!» አሉ አያ ዳኘው። «እኔ የጠየቅሁት ጥፋቱን ያምን እንደሆነ ነው!»

«አንቱ የጠየቁትን ጠየቁ። እሱ የመለሰውን ደግሞ እኔ ሰማሁ። ዳኛ ቃል ከተቀበለ በኋላ መልስ ይለውጣል እንዴ፣ አያ ዳኘው?»

አያ ዳኘው ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ። «ቅኔ ቤት ከዋለ ሰው ጋር የሚሟገት ሞኝ ነው» አሉና ተቀመጡ። ተረትቻለሁ ማለታቸው ነው፤ ትንሽም ደስ ያላቸው መሰለኝ።

ቄስ ክንፈሚካኤል ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ከእኔ በቀር ማንም አልሰማቸውም።

«እኔ የሰማሁትን ነው ያልከው?»

«አላውቅም፣ አባታችን።»

«እሱንም ሰምቻለሁ» አሉ። ከዚያ ጮክ ብለው፣ «ሙሉ ፍትሐት አላደርስም፤ የአባቶቼን ሥርዓት አላፈርስም። ከቅጥር ውጭም አላስቀብራትም። ከጥዱ አጠገብ ቆፍሩ።»

ጉድጓዱ ጊዜ አልወሰደም። ወንዳወቅ ራሱ ወርዶ አስተኛት፤ ሊወጣ ሲል ተመልሶ የነጠላውን ጫፍ አስተካከለ። ቄስ ክንፈሚካኤል አጭር ጸሎት አደረሱ። «ነፍሰ አመትከ» አሉ፤ የባሪያህን ነፍስ ማለት ነው። ከዚያ ቀጥሎ ስም ይመጣል። ቆሙ። ሰው ሁሉ ቆመ።

«ያጠመቃት ይጥራት» አሉ፣ ሳያዩኝ።

«አደይ» አልኩ።

«አመትከ አደይ» ብለው በዜማቸው ቀጠሉ። ድምፃቸው አልተደናቀፈም። አፈሩ ሲመለስ ሴቶቹ አለቀሱ፤ እስከዚያ ድረስ ማልቀስ ይገባቸው እንደሆነ አላወቁም ነበር።

ስንበታተን ቄስ ክንፈሚካኤል ጠሩኝ። «እሑድ ቅዳሴ አትምጣ» አሉ። «ሰዉ ሁለት ወገን እንዳይሆንብኝ። እናትህ ቤት ግን መጥቼ እጠይቅሃለሁ።» እሺ አልኳቸው። ከዚያ ቅጥር ማንም ከልክሎኝ አያውቅም፤ ባለፉት ዓመታት ግን አንድ ቀን እንኳ ልግባ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አሁን ሲከለክሉኝ ከፋኝ።

ለጳጳሳችን የምናገረውን በመንገድ ላይ ሳሰላስል መጣሁ። ቃሌን ማፍረሴን መንገር ይከብዳል። የባሰ የሚከብደው ለምን እንዳፈረስኩ መንገር ነው። ሳልጨርሰው ቤት ደረስን።

ሥርጉት ከመጋረጃው ወዲያ ቁጭ ብላ ትጠብቀን ነበር። ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷን አርሶታል። እናቴን አላየቻትም፣ ባሏንም አላየችውም።

«የት አደረጋችኋት?»

«ከቅጥሩ ውስጥ። ከጥዱ አጠገብ» አልኳት።

ዓይኗን ጨፈነች። አልቅሳ የሚወጣላት መስሎኝ ነበር፣ አላለቀሰችም። አራስ ናት። የመንጻቷ ቀን እስኪሞላ ድረስ ከቅጥሩ አትገባም፤ ሴት የወለደች ሰማንያ ቀን ነው የምትጠብቀው። ልጇ ብትሞትም ያው ነው።

«ከበሩ ላይ ብቆም ትታየኛለች?» አለች።

አስቤው አላውቅም። ወንዳወቅን አየሁት፣ እሱም አያውቅም። ትታይሻለች ማለት ቀላል ነበር።

«አላየሁም» አልኳት።

«እይልኝ።»

ዝናቡ እንደገና ጀምሮ ነበር። የእናቴን ፌስታል ራሴ ላይ አድርጌ ተመለስኩ። በሩ ላይ ማንም የለም። ከቅጥሩ አልገባሁም፤ ከውጭ፣ እሷ በምትቆምበት ቦታ ቆምኩ። የጥዱ ግንድ ይጋርዳል። አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ሄድኩ፣ ባሰ። ወደ ግራ ስጠጋ፣ አያ ዳኘው ጠዋት ተቀምጠውበት ከነበረው ድንጋይ ላይ ወጥቼ አንገቴን ሳሰግግ፣ በጥዱና በግንቡ መካከል ቀይ አፈር ታየኝ፤ ዝናቡ ገና አልደመሰሰውም።

ድንጋዩ ያንሸራትታል። ሌላ ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጌ አጠገቡ አስተካከልኩ፣ ቆሜበት ሞከርኩት። ለአራስ ይበቃል። ከዚያ ልነግራት ሄድኩ።